ሊቀ ከበሮ ጌንግና የእንግሊዝኛው ፈተና

ጢሙ ሸብቶ፣ የልጅ ልጁን ጉልበቱ ላይ አስቀምጦ፣ መነጽሩን አፍንጫው ጫፍ ላይ አንጠልጥሎ የእንግሊዝኛ ግስ የሚያረባ ሰው የሌለበት መሥሪያ ቤት በአገራችን አልነበረም። የአውራጃው ሆስፒታል ብትሄዱ ወጌሻው ነው። የሐር ትል ጣቢያው ብትሄዱ ትሎቹን ቅጠል የሚመግበው ባለሙያ ነው። በእነዚያ ዓመታት በሙያው አንድ ደረጃ ከፍ ማለት የፈለገ ሁሉ፣ ሥራው ከእንግሊዝኛ ጋር ይተዋወቅም አይተዋወቅ፣ በየጸደዩ መፈተን ግዴታው ነበር። የአሳማ ሐኪሙ ይፈተናል፤ የድልድይ መሐንዲሱ ይፈተናል፤ ከአሮጌ መቃብር ሸክላ የሚያወጣውም ይፈተናል። አሳማዎቹ በምን ቋንቋ እንደሚታመሙ የጠየቀ አልነበረም።

እንዲህ ያለ ሰው ከሩቅ ይታወቃል። አውቶቡስ ሲጠብቅ ከንፈሩ ይንቀሳቀሳል። ሰላም ስትሉት መጀመሪያ አያያችሁም፤ ቀጥሎ ያያችኋል፣ ግን አያውቃችሁም፤ በመጨረሻ «ቆይ ቆይ፣ ‘አካባቢ’ ምን ነበር የሚባለው?» ብሎ እናንተኑ ይፈትናችኋል። ፈተናው እስኪያልፍ ድረስ ሚስቱ ቁም ነገር አታወራውም፤ ጎረቤቱም ዕቃ አያውሰውም፤ የት እንዳስቀመጠው ስለማያስታውስ።

ብዙዎቹን አውቃቸዋለሁ። የሁሉም አለቃ ግን የእኛው ሰው ናቸው፤ የአውራጃችን የኦፔራ ቡድን ከበሮ መቺ፣ ሊቀ ከበሮ ጌንግ ባዎሻን። «ሊቀ ከበሮ» የሚለውን የሰጠናቸው እኛ ነን። መንግሥት ያስቀመጠላቸው ማዕረግ «ሁለተኛ ደረጃ ሙዚቀኛ» የሚል ሲሆን፣ ወደዚያ የሚያደርሰው መንገድ ደግሞ በእንግሊዝኛ በኩል እንጂ በከበሮ በኩል አልነበረም።

በእኛ ኦፔራ ፊት ለፊት ቆሞ ዱላ የሚያወዛውዝ መሪ የለም። መሪው ከበሮ መቺው ነው። መድረኩ ጥግ ተቀምጦ ግራ እጁን ትንሽ ከፍ ሲያደርግ ጄኔራሉ ይገባል፤ ሌባ ጣቱን ሲያጥፍ ንግሥቲቱ ታለቅሳለች። እኛ ናስ መቺዎቹ ዓይናችንን ከዚያ እጅ ላይ አንነቅልም። ትልቁን ናስ የሚመታ አለ፤ ጥንዱን ናስ የሚያጋጭ አለ፤ ትንሹን ናስ የምመታው እኔ ነኝ። የድስት ክዳን የምታህል ነገር ናት፤ በቀጭን እንጨት ስትነካ «ታይ!» ትላለች። ሉ የሚባል ስም አለኝ፤ ሊቀ ከበሮ ግን በልጅነቴ ቡድኑ ውስጥ ከገባሁ ጀምሮ «ትንሿ ናስ» ብለው እንጂ በስሜ ጠርተውኝ አያውቁም።

ይህ ሙያ በወረቀት አይጠናም፤ በአፍ ነው። «ዳ» ከበሮው ነው፤ «ታይ» እኔ ነኝ፤ «ጻንግ» ሁላችንም አንድ ላይ ነን። ልጆች ሳለን ናሱን ሳንነካ ለወራት፣ ሩዝ ስንበላም ልብስ ስናጥብም፣ «ዳ ዳ ታይ ታይ ጻንግ!» ስንል ነው የኖርነው። ወረቀት እያየ የሚመታ ሰው ሊቀ ከበሮ ዘንድ ከሰው አይቆጠርም። አንድ ጊዜ ከትልቅ ከተማ የመጣ የተማረ ሙዚቀኛ ኖታውን ፊቱ ዘርግቶ ሲመታ አይተው፣ «ምስኪን፣ ራሱን ነው የታመመው?» ብለው ጠይቀውኛል።

እንግሊዝኛውንም የያዙት በዚሁ እጃቸው ነው። ቃል ሁሉ በምት ተጠና። «ጋቨርንመንት» መንግሥት ነው፤ «ጻንግ ታይ ታይ» ተብሎ ይመታል፤ መንግሥት ሲገባ በትልቁ ናስ ነዋ! «ኢንቫይሮንመንት» አካባቢ ነው፤ «ዳ ጻንግ ዳ ታይ»። «ሲምፕል» ቀላል ነው፤ «ዳ ታይ» ብሎ ያልቃል፤ ስሙም ይናገራል። «ምቱ ከተያዘ ትርጉሙ የት ይሄዳል!» ይሉ ነበር፤ ሲነጋም፣ ሲመሽም፣ በአፋቸው ሩዝ ሞልቶም።

መቺ እጅ ግን መመቻ ይፈልጋል። የመንደር ጠባቂ አምላክ ልደት ሲከበር ልንጫወት ስንሄድ በጭነት መኪና፣ በልብስ ሣጥኖች ላይ ተቀምጠን ነው። ሊቀ ከበሮ ሣጥኑን ይመታሉ። ሣጥኑ ሲሰለቻቸው ቴርሞሱን፣ ቴርሞሱ ሲነጠቅ የቡድናችንን ምግብ አብሳይ የዌይን መላጣ። ዌይ መጀመሪያ ሰሞን ይቆጣ ነበር፤ በኋላ ግን፣ «መምህር ጌንግ፣ ዛሬ ምን ሆኛለሁ?» ብሎ መጠየቅ ጀመረ። «ዛሬ ‘ኢኮኖሚ’ ነህ» ይሉታል። «ተመስገን፤ ትናንት ‘ብክለት’ ነበርኩ።»

ቤታቸውም ያው ነው። አንድ ቀን ምሳ ልበላ ስገባ ባለቤታቸው እትዬ ታንግ በጭልፋ እየጠቆሙ ይጮሃሉ።

«አንተ ሰውዬ፣ ድስቱን ተወው ብዬሃለሁ!»

«ድስት አይደለም፤ ‘ሪስፖንሲቢሊቲ’ ነው።»

«ምን ማለት ነው ደግሞ?»

«ኃላፊነት።»

«እንግዲያው ኃላፊነትህን እዚያ አስቀምጥና የቀርከሃውን ቡቃያ ላጥልኝ።»

አንድ አሮጌ ተዋናይ ሞቶ ለቅሶ የሄድን ጊዜ የሆነው ግን እስከ ዛሬ ይወራል። ሊቀ ከበሮ ከመሥዋዕት ጠረጴዛው አጠገብ አንገታቸውን ደፍተው ቆመዋል። ጣቶቻቸው ግን ጠረጴዛው ጠርዝ ላይ «ኔቨርዘሌስ» የሚባል ከባድ ቃል፣ ‘ይሁን እንጂ’ ማለት ነው፣ ያጠናሉ። በር ላይ የቆሙት ለቅሶ አጃቢ ነፊዎች ደግሞ የሙያ ሰዎች ናቸው፤ የእኒያን ጣቶች ሲያዩ የጄኔራል መግቢያ መሰላቸውና ባለ በሌለ ሳንባቸው ነፉት። ሟቹ ዕድሜ ልኩን ሻይ የሚያቀርብ አሽከር ሆኖ እንጂ ጄኔራል ሆኖ ተጫውቶ አያውቅም ነበር። ሁላችንም መሬት ብትከፈትልን ወደድን። ባልቴቲቱ ግን እንባዋን ጠርጋ፣ «ይገባው ነበር» አለች።

ታዲያ ይህን ሁሉ ያጠኑ ሰው ለምን በየዓመቱ ይወድቃሉ? ምክንያቱን የማያውቅ የለም። ፈተናው መዝገበ ቃላት ይዞ መግባት ይፈቅዳል። እንዲያውም ሰዉ ሁሉ የሚያልፈው በማወቅ ሳይሆን በማገላበጥ ነው። ሊቀ ከበሮ ግን ባዶ እጃቸውን ይገባሉ። «በፈተና ላይ መጽሐፍ መግለጥ በመድረክ ላይ ኖታ እንደ መግለጥ ነው» ይላሉ። ከዚያ እያንዳንዱን ቃል ሰውነታቸው እስኪያስታውስ ድረስ ከላይ እስከ ታች ሲመቱት፣ የወረቀቱ ግማሽ ንጹሕ እንደሆነ ሰዓቱ ያልቃል።

ይህ ሁሉ እንደ ቀልድ ሲነገር ቆይቶ አንድ ዓመት ላይ ቀልድነቱ ቀረ። በክረምቱ ማብቂያ የቡድናችን ኃላፊ ፋን መቺዎቹንና ነፊዎቹን ሁሉ ቢሯቸው ሰበሰቡን። ጥግ ላይ በአልጋ ልብስ የተሸፈነ ትልቅ ሣጥን አለ።

«ምን እንደሆነ ታውቃላችሁ» አሉ ኃላፊ ፋን፤ ሊቀ ከበሮን ላለማየት መስኮቱን እያዩ። «የቴፕ መጫወቻ ነው፤ ከነድምፅ ማጉያው። የባህል ቢሮው ቁርጡን ነግሮኛል። ከመቺዎቹና ከነፊዎቹ መካከል አንድ ሁለተኛ ደረጃ ሙዚቀኛ ያለው ቡድን ሙዚቀኞቹን ይዞ ይቀጥላል። የሌለው በቴፕ ይዘፍናል። እስከዚህ ጸደይ ነው የታገሱን።»

 ትልቁን ናስ የሚመታው ሰው የአልጋ ልብሱን ጫፍ ገለጥ አድርጎ አየና እባብ እንዳየ ሰው መልሶ ሸፈነው።

«ቴፕ ተዋናዩ ሲያስለው ይጠብቀዋል?» አሉ ሊቀ ከበሮ።

«አይጠብቀውም፣ መምህር ጌንግ።»

«ንግሥቲቱ መስመሯን ብትረሳስ?»

«እሱ መዝፈኑን ይቀጥላል።» ኃላፊ ፋን ይሄኔ ዞር አሉ። «ስለዚህ ዘንድሮ መዝገበ ቃላት ይዘው ይገባሉ። እየለመንኩዎት ነው። ከፈለጉ እንበረከካለሁ።»

«ጉልበትህ ያምህ የለ፤ ተወው» አሉ ሊቀ ከበሮ።  ኃላፊው ስንወጣ እኔን በክንዴ ያዙኝ። «ሉ፣ በአገልግሎት ዘመን ለፈተናው የሚበቃ ሌላ ሰው ቢኖር አንቺ ብቻ ነሽ። አንቺንም አስመዝግቤሻለሁ።»

«እኔን? ምን አውቃለሁ?»

«ምንም። ከመምህር ጌንግ ጋር ገብተሽ እጃቸውን ጠብቂልኝ።»

ስለ እኔ እንግሊዝኛ ለመናገር ብዙ ቦታ አይፈጅም። በትምህርት ቤት ሳለሁ በስቴንስል የተባዛ፣ ቀለሙ ጣት ላይ የሚቀር መጽሐፍ ነበረን። የመጀመሪያው ገጽ ላይ ትራክተር፣ ሁለተኛው ላይ ትራክተሩን አይታ የምትስቅ ልጅ፣ ሦስተኛው ላይ ልጅቷና ትራክተሩ አብረው። መምህራችን ወጣትነቱን በሩስኛ ጨርሶ በአንድ ክረምት ወደ እንግሊዝኛ የተዛወረ ደግ ሰው ነበር፤ ከእኛ በአንድ ምዕራፍ ብቻ ይቀድመን ነበርና አንዳንዴ ምዕራፉን ሲከፍት ከእኛ እኩል ይደነቅ ነበር። ዛሬም የዚያን መጽሐፍ ሽታ የሚመስል ነገር ሲሸተኝ ጥሩ ልጅ የመሆን ፍላጎት ያድርብኛል። ፊደሉን ለየሁ፤ ትራክተርን አወቅሁ፤ ወደ ኦፔራው ገባሁ።

ቅዳሜ ቅዳሜ የማጠናከሪያ ትምህርት ነበር፤ በአውራጃው መሰብሰቢያ አዳራሽ፣ ወጌሻው፣ የትል ባለሙያው፣ መሐንዲሱ፣ እኛ። የምታስተምረን መምህርት ሚያዎ የምትባል ልጅ እግር ነበረች። ከሁላችን በዕድሜ ታንሳለችና መቆጣት አትችልም፤ ስለዚህ ታዝናለች።

«አባቶቼ፣ እናቶቼ፣ አንቀጹን ለመረዳት አትሞክሩ» ትላለች። «ጥያቄው ውስጥ ያለውን ቃል አንቀጹ ውስጥ ፈልጉ። ሲገኝ ከጎኑ ያለውን ምረጡ። በቃ።»

ሰዉ ሁሉ ማገላበጥ ይለማመዳል። የትል ባለሙያው ጣቱን በሎሚ አርጥቦ፣ ዓይኑን ጨፍኖ የፈለገውን ፊደል ይከፍት ነበር፤ ቅጠል የለመደ እጅ ነው። ሊቀ ከበሮ ግን እጃቸውን አውጥተው ለምን ብለው ይጠይቃሉ። መምህርት ሚያዎ የእንግሊዞች ገላጭ ሐረግ ከስሙ በኋላ እንደሚመጣ፣ በእኛ ቋንቋ ግን ከስሙ በፊት እንደሚቀድም ስታስረዳ ከመቀመጫቸው ተነሡ።

«ማለት፣ እነዚህ ሰዎች ተዋናዩን መድረክ ላይ ካወጡት በኋላ ነው ልብሱን የሚያለብሱት?»

«እ... አዎ፣ እንደዚያ ሊባል ይችላል።»

«ሰው ሁሉ እያየው?»

«ሰው ሁሉ እያየው፣ አባቴ።»

«ጉድ ነው» አሉና ተቀመጡ። ከዚያን ቀን ወዲያ ግን ገላጭ ሐረግ ስተው አያውቁም።

ትርጉም ላይ ደግሞ ሌላ ጣጣ አለ። መምህርት ሚያዎ ስለ አንድ የብስክሌት ፋብሪካ የሚናገር አንቀጽ ሰጥታ ተርጉሙ አለች። የሌሎቻችን ትርጉም የተሰበረ ብስክሌት ይመስል ነበር። የሊቀ ከበሮ ግን ቤት የሚመታ፣ መስመሩ የተስተካከለ፣ ሲነበብ አዳራሹን ዝም ያሰኘ ግጥም ሆኖ መጣ። የትል ባለሙያው አፍንጫውን ተናፈጠ።

«በጣም ያምራል፣ መምህር ጌንግ» አለች ልጅቷ። «ግን ጨረቃዋ ከየት መጣች?»

«ምቱ ጎድሎ ነበር።»

«ፋብሪካው በር ላይ ቆማ የምታለቅሰውስ ሴት?»

«እሷንማ ጨረቃዋ አመጣቻት።»

መምህርት ሚያዎ ዜሮ ልትሰጣቸው ቀዩን እስክሪብቶ አነሣች፣ ወረቀቱን ለረጅም ጊዜ አየችው፣ አጣጥፋ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው። ሲወጡ ግን ተከትላ ደረጃው ላይ ያዘቻቸው። «አባቴ፣ ለፈተናው ቀን ሴትየዋን ቤት ትተዋት ይምጡ። ቃል ይግቡልኝ።» ሊቀ ከበሮ ቃል ገቡ።

የቀሩትን ሳምንታት እኔን መለማመጃ አደረጉኝ። ልምምድ ክፍሉ ውስጥ ፊት ለፊት እንቀመጣለን። እሳቸው ቃሉን በከበሮው ይመታሉ፤ እኔ ትርጉሙን ተናግሬ በትንሹ ናስ እዘጋለሁ። «ዳ ጻንግ ዳ ታይ!» ይሉኛል። «አካባቢ! ታይ!» «ጻንግ ዳ ታይ!» «ሁኔታ! ታይ!» ስሳሳት በመቺው እንጨት ጉልበቴን ነካ ያደርጋሉ። እኔ የማስበው ራት ምን እንደምሠራ ነበር። ናስ መቺ በእጁ ሲሠራ በሐሳቡ የትም መሄድ ይችላል፤ እጁ ግን አይሄድም።

የፈተናው ዕለት እትዬ ታንግ መዝገበ ቃላቱን እንደ ልጅ በሻሽ ጠቅልለው አመጡ። እንደ ጡብ የወፈረ ነው። «ትይዘዋለህ» አሉ። ሊቀ ከበሮ ሚስታቸውን አዩ፤ ኃላፊ ፋንን አዩ፤ ከኋላ ተሰልፎ የቆመውን የሙዚቃ ጓድ አዩ። ነፊው ነበር፣ ባለ ክራሩ ነበር፣ ዌይም ድስቱን ጥሎ መጥቶ ነበር። ተቀበሉና በብብታቸው ያዙት፤ የሰው ዕቃ እንደያዘ ሰው።

የመቀመጫ ቁጥራችን አከታትሎ አስቀመጠን፤ እኔ ከኋላቸው። ወረቀቱ ታደለ። ወዲያው የመዝገበ ቃላት መገላበጥ ድምፅ ክፍሉን ሞላው፤ ዝናብ ሙዝ ቅጠል ላይ ሲወርድ ይመስላል። ሊቀ ከበሮ አልገለጡም። ጥቂት ቆይቶ የሚያስፈራኝ መጣ፤ ዳ፣ ዳ ታይ፣ ጻንግ። በጠረጴዛው ላይ።

ፈታኟ ወጣት ሴት ናት፤ ተረከዟ እየተሰማ መጣች። «አባት፣ ጠረጴዛው አይመታም።»

«ይቅርታ።»

እጃቸውን መለሱ። መለስ ብለው ደግሞ መዝገበ ቃላቱ ሽፋን ላይ ጀመሩ፤ ወፍራም ስለሆነ ድምፁ ለስለስ ይላል፤ እንዲያውም ከጠረጴዛው ይሻላል፤ ሲሞቃቸው ይታየኛል። ትከሻቸው ተፈታ። ጥያቄ ከጥያቄ እየተከታተለ ወረደ። እንደዚያ ቢቀጥሉ ኖሮ ይጨርሱ ነበር፤ ዘንድሮ እጃቸው ፈጥኗል። የትል ባለሙያው ግን ከጎን ሆኖ፣ «እኅቴ፣ እኒህ ሰውዬ ገጼን አጠፉብኝ!» ብሎ ጮኸ።

ፈታኟ ተመልሳ መጣችና መዝገበ ቃላቱን አነሣችው።

«መዝገበ ቃላት ተፈቅዷል እኮ!» አሉ ሊቀ ከበሮ።

«ለማንበብ ነው የተፈቀደው። ደግመው ከመቱ ወረቀቱንም እወስደዋለሁ።»

ከእኔ በቀር በክፍሉ ውስጥ መዝገበ ቃላቱን ያልገለጠ ብቸኛ ሰው እሳቸው ነበሩ፤ የተወሰደበትም ብቸኛ ሰው እሳቸው ሆኑ። ሁለት እጃቸውን ከጭናቸው ሥር አስገብተው ተቀመጡባቸው። ከኋላ ማጅራታቸው ሲቀላ አየሁት። ዕድሜዬን ሁሉ ያንን እጅ ሳይ ኖሬአለሁ፤ እንደዚያ ታስሮ አይቼው አላውቅም። ቴፑ የአልጋ ልብሱን አውልቆ መድረክ ጥግ ሲቀመጥ ታየኝ።

በእኛ ሙያ አንድ ሕግ አለ። የመሪው እጅ በጨዋታ መሀል ቢቆም፣ ሳል ቢይዘው ወይም እንጨቱ ቢወድቅበት፣ ትንሹ ናስ ምቱን ይዞ ይቆያል እንጂ አያቆምም። ተዋናዩ መድረክ ላይ ነው፤ ጥሎት የሚሄድ የለም። ወረቀቴን አየሁ። እስከዚያ ድረስ አላየሁትም ነበር። የመጀመሪያው ጥያቄ ላይ ረጅም ቃል አለ። በፊደል በፊደል በከንፈሬ ሳነበው ከውስጤ «ጻንግ ዳ ታይ» አለ። ሁኔታ። የሚቀጥለው፤ «ዳ ታይ ታይ»። ማምረት። አሥራ ምናምን ዓመት ሣጥን ላይ፣ ቴርሞስ ላይ፣ የዌይ መላጣ ላይ የተመታው ሁሉ በተራ በተራ ይገባ ጀመር፤ ልክ እንደ ወታደሮቹ መግቢያ። ናስ መቺ መሪው ከመምታቱ በፊት ምን ሊመታ እንደሆነ ያውቃል፤ ካላወቀ ይዘገያል። እኔ ዘግይቼ አላውቅም። ትራክተርም አንድ ቦታ ላይ አገኘሁ።

ውጤቱ በባህል ቢሮው በር ላይ በቀይ ወረቀት ተለጠፈ። ሊቀ ከበሮ ቀድመውኝ ደርሰዋል። መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጉ፤ መልሰው አደረጉ።

«ትንሿ ናስ፣ አልፈሻል» አሉኝ።

«እርስዎስ?»

«እኔ የለሁበትም። መቼ ነው ያጠናሽው?»

«አላጠናሁም። እርስዎ መቱ፤ እኔ መለስኩ።»

ምን እንደሚሉ ጠብቄ አንገቴን ደፋሁ። ቁጣ ቢመጣ ይገባኛል፤ ለቅሶ ቢመጣ አልችለውም። እሳቸው ግን አጠገባቸው የራሱን ስም ሲፈልግ ወደቆመው ወጌሻ ዞሩ። «ይቺን የማትናገር ሴት ታያታለህ? እኔ ነኝ ያሠለጠንኳት!» አሉት። ከዚያ ለዘበኛው ነገሩት። ከዚያ ለአውቶቡሱ ትኬት ቆራጭ። መንገዱን ሙሉ ሲናገሩ፣ ማታ ሲገቡ ድምፃቸው ዘግቶ ነበር።

የቴፑ ሣጥን ወደመጣበት ተመለሰ። እኔ ሁለተኛ ደረጃ ሙዚቀኛ ተባልኩ፤ በወረቀት ላይ የሙዚቃ ጓዱ የበላይ ሆንኩ። ወረቀት ላይ እየታየ ስለማይመታ ምንም አልተለወጠም፤ ሊቀ ከበሮ እጃቸውን ያነሣሉ፣ እኔ እከተላለሁ። አንድ ነገር ብቻ ተለወጠ። እንግሊዝኛውን ተዉት።

«ቡድኑ ደረጃውን አገኘ፤ ከእንግዲህ ምን ያደርግልኛል» አሉና ጨረሱ። በልጉ ላይ ወደ መንደሮቹ ስንወጣ ሣጥኑ ላይ እጃቸውን አጣጥፈው ተቀመጡ። መኪናው ይጮሃል፤ ሌላ ድምፅ የለም። መጀመሪያ ቀን «እፎይ» አልን። በማግስቱ ባለ ክራሩ ያለ ምክንያት ከነፊው ጋር ተጣላ። ዌይ ቆቡን አውልቆ፣ መላጣውን በእጁ እየዳሰሰ፣ ሊቀ ከበሮ አጠገብ ሄዶ ተቀመጠ። አልነኩትም። «አመላቸውን እርግፍ አድርገው ተዉት እኮ» አለኝ በሹክሹክታ፤ «ራሴ ላይ ዝንብ እንኳ ማረፍ ትታለች።»

መድረክ ላይ እጃቸው ያው ነው፤ አንድ ምት አልሳቱም። ግን ንግሥቲቱ ስታለቅስ እኔ ማልቀስ አልመጣልኝም፤ ሌላ ጊዜ ይመጣልኝ ነበር። አንድ ጠዋት እትዬ ታንግ ቤቴ ድረስ መጡ። ተቀመጡ ብላቸው እምቢ አሉ።

«ሉዬ፣ ድስቱን አይነካም» አሉኝ። «ሩዙን በጸጥታ በልቶ፣ ሳህኑን በጸጥታ አጥቦ ይወጣል። ታሟል መሰለኝ።»

በዚያው ቀን ወደ ባህል ቢሮው ሄድኩ። የሚቀጥለው ዓመት ምዝገባ ተከፍቷል። ላስመዘግባቸው የሄድኩት ሳልነግራቸው ነው፤ ስለዚህ ፎቶግራፍ አልነበረኝም። ቡድኑ በአዲስ ዓመት ከተነሣው ትልቅ ፎቶ ላይ ራሳቸውን በመቀስ ቆርጬ አወጣሁ።

የመዝገብ ሠራተኛው ስሙን ሲያነብ ዓይኑን ጨፈነ። «እኒህ ሰውዬ ደግሞ? ቡድናችሁ ደረጃውን አገኘ አይደለም እንዴ? ለጡረታ የቀራቸው ስንት ነው? አሁን ማለፉ ምን ሊጠቅማቸው ነው?»

«ማን ስለ ማለፍ አወራ?» አልኩት። «አንተ ማኅተሙን ምታ።»

ፎቶግራፉን ወደ መብራቱ አቅርቦ አገላበጠው። «ትከሻቸው ላይ የማን እጅ ነው ይሄ?»

ስቆርጠው ልብ አላልኩትም ነበር። «የእኔ ነው» አልኩ። «እንዳለ ተወው፤ ከቆረጥከው ትከሻቸውም አብሮ ይሄዳል።»